ድልድዩ ላይ የሚቆመው ጌም

«ኅዳር 9፣ ማታ 2 ሰዓት ከ20፣ ድልድዩ ላይ ስታክ አደረገ፣ መብራቱ በርቷል።»

ይህች መስመር በእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በእርሳስ የተጻፈች ናት። ካነበብኳት አንድ ዓመት አልፏል፤ ሆኖም ዛሬም ስልክ ልከፍት ብሎን መፍቻ ባነሣሁ ቁጥር ትታወሰኛለች። ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ዕቃ ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በአንዲት መስመር ያሰፈረውን ያህል ጥርት ያለ የብልሽት መግለጫ ግን ከአንድም ደንበኛ ተቀብዬ አላውቅም። ያልተቀበልኩትም ጠይቄ ስለማላውቅ መሆኑን የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ልጁ ከመሐል ሜዳ ወደ እኔ የመጣው ለትምህርት ነው። እናቱ፣ ታናሽ እህቴ፣ ቤይሩት ትሠራለች። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ወደ አገር ቤት በምትመለስ ጓደኛዋ እጅ አንድ ያገለገለ ፒኤስፒ ላከችለት። ፒኤስፒ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበና ምርቱ ከቆመ ከ10 ዓመት በላይ የሆነው የእጅ ጌም ማጫወቻ ነው፤ የመጣለትም 3000 የተባለው ሞዴል ነበር። ጠርዙ የተጫረ ያረጀ ዕቃ ቢሆንም፣ እናቱን ሦስት ዓመት ላላየ ልጅ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። የራሱን ትንሽ ዲስክ የሚያነብበት ክፍል አይሠራም ነበርና ከሱቄ መደርደሪያ 64 ጊጋ የሚል ጽሑፍ ያለበት አዲስ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ አንሥቼ፣ በአዳፕተር አስገብቼ፣ ሰባት ጌሞች ከኮምፒውተር ገለበጥኩለት። አንደኛው የኳስ ጌም ነው። ስድስተኛው፣ እርሱ ከሁሉ አብልጦ የወደደው፣ አንድ ፈረሰኛ አገር ለአገር የሚዞርበት ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ነበር። ሰባተኛው ጨርሶ አልከፈት አለን፤ ከማሽኑ ጋር አይስማማም ብዬ ተውኩት። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ልጁ ማታ ማታ እየመጣ «ጋሼ፣ ስታክ አደረገብኝ» ይለኝ ጀመር።

ባትሪ ነው ብዬ ጀመርኩ

ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደውን ውርጭ ለሰሜን ሸዋ ሰው መተረክ አያስፈልግም። በእነዚህ ወራት ወደ ሱቄ የሚገቡት አብዛኞቹ ስልኮች «40 ፐርሰንት እያለው ይጠፋል» የተባለላቸው ናቸው። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል፣ ኤሌክትሪኩ እንዳይወጣ የሚይዘው የውስጥ ተቃውሞም ይጨምራል፤ ዕቃው ድንገት ብዙ ኃይል በጠየቀ ጊዜ ቮልቴጁ ከሚፈለገው በታች ይወርድና ሁሉ ነገር በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ይህን ለብዙ ሰዎች አስረድቻለሁ፣ ከብዙ ሰዎችም የባትሪ ዋጋ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ልጁ «ስታክ አደረገ» ሲለኝ የእኔ ጆሮ የሰማው «ባትሪ» ብሎ ነው።

ኅዳር 3 ቀን ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ በአንድ መቀመጫ አምስት ነገር ለወጥኩ። የመጣበትን ባትሪ አውጥቼ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን አዲስ ባትሪ አስገባሁ። የአዳፕተሩንና የካርዱን መገናኛ በአልኮል ጠረግሁ። የማሽኑን ሶፍትዌር ከ6.60 ወደ 6.61 አሳደግሁ፤ ጌሞቹን ከካርድ ላይ የሚያስከፍተውንም ተጨማሪ ሶፍትዌር እንደገና ጫንኩ። ሴቲንጉን ሁሉ መጀመሪያ ወደነበረበት መለስኩ። በመጨረሻም ስድስተኛውን ጌም እንደገና ገልብጬ በቀድሞው ፋይል ላይ ጻፍኩበት፣ የተገለበጠው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑንም በኮምፒውተሩ አረጋገጥሁ። አንድ ነበር። ካርዱን ያን ዕለት ነጻ አወጣሁት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ያን ዕለት በእኔ ደረሰ ብል ማጋነን አይሆንም። ከባዱ ነገር ብልሽቱ የት እንደሚኖር መፈለግ ነበር፤ እኔ ግን እጄ የለመደውንና ለመለወጥ የሚቀለውን ሁሉ ለወጥኩ። ከዚህም የከፋው፣ አምስት ነገር በአንድ ሌሊት የለወጠ ሰው ዕቃው ቢሻለው የትኛው እንዳዳነው፣ ቢብስበትም የትኛው እንዳባሰው ሊያውቅ አይችልም።

በማግስቱ ማታ ልጁ ኳስ ተጫወተ፤ ምንም አልሆነም። በሁለተኛውም ማታ እንዲሁ። ተፈወሰ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ዝም ብሎ ይጠፋል» ብሎ መጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሆነውን ማስታወስ ያሳፍረኛል። ማሽኑን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁ፣ ምንም አላገኘሁም፤ ያላገኘሁበትንም ምክንያት በልጁ ላይ አኖርኩት። «ቁልፉን በኃይል ስለምትጫነው ነው» አልኩት። እናቱ ከሰው ቤት ሠርታ የላከችለትን ዕቃ እንዴት በስስት እንደሚይዝ፣ በእንቅልፍ ሰዓቱ በሻሽ ጠቅልሎ መስኮት ደፍ ላይ እንደሚያስቀምጠው በዓይኔ እያየሁ ነው ይህን ያልኩት። አልመለሰልኝም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ

ኅዳር 16 ማታ መብራት ሄዶ ነበር። ልጁ በሻማ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ እኔ ደግሞ በስልክ የሚነግረኝን ደንበኛ ቁጥር የምጽፍበት ወረቀት አጥቼ ደብተሩን ከፊቱ ሳብኩና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ።

ገጹ በማስመሪያ ተሰምሯል። ቀን፣ ሰዓት፣ የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ሆነ። አራት ረድፍ፣ 19 መስመር። የመጀመሪያው ጥቅምት 19 ነበር። «ድልድዩ ላይ ስታክ አደረገ፣ መብራቱ በርቷል።» ከእርሱ በታች፣ «ድልድዩ ላይ ስታክ አደረገ፣ መብራቱ በርቷል።» እንደገና ድልድዩ። እንደገና። ወደ ታች ስወርድ ሌላ ዓይነት መስመር መጣ፤ «ኅዳር 12፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ኳስ ላይ፣ ጠፋ፣ መብራቱም ጠፋ።» ያች ጠዋት ትዝ ትለኛለች፤ ሰፈሩ ኅዳርን ሲያጥን ጭሱ ቤት ድረስ ይገባ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የሚቆምበት ነው። መቼና የት እንደሚቆም ካወቅሁ ቀድሜ ሴቭ አደርጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። «ጋሼ፣ የት እንደሚቆም እኮ አልጠየቅኸኝም። ‹ዛሬስ ስታክ አደረገ?› ነው የምትለኝ።»

ደንበኛው በስልክ ውስጥ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁትና ሻማውን ወደ ደብተሩ አስጠጋሁ። እርሱ ይህን የጻፈው ማሽኑን ለመጠገን አልነበረም። ጥገናውን ለእኔ ትቶታል፤ የእርሱ ፍላጎት ከብልሽቱ ጋር መኖር ነበር። መብራት የሚሄድበትን ሰዓት አውቀን ቀድመን እንጀራ እንደምንጋግር፣ እርሱም ድልድዩ ከመድረሱ በፊት ሴቭ ያደርጋል፤ ይሞክራል፤ ሲቆም አጥፍቶ ያበራል፤ በማግስቱ እንደገና ይሞክራል። እኔ በብሎን መፍቻ ያላገኘሁትን እርሱ ለመኖር ሲል አገኘው።

መስመሮቹን በጣቴ እየያዝኩ ቆጠርኩ። ከ19ኙ 12ቱ «ስታክ አደረገ» የሚሉ ናቸው፤ 12ቱም ድልድዩ ላይ ናቸው። ማታም ቢሆን ከሰዓት በኋላም ቢሆን፣ ባትሪው ሙሉም ቢሆን ግማሽ፣ ቦታው አይለወጥም። በ12ቱም ላይ የማሽኑ አረንጓዴ መብራት በርቷል፤ ማለት ኃይል አለ፣ ማሽኑ ግን የሚቀጥለውን አጥቶ ተገትሯል። የቀሩት 7 መስመሮች «ጠፋ» የሚሉ ናቸው፤ እነዚህ በየትኛውም ጌም ላይ፣ በየትኛውም ቦታ ላይ ይመጣሉ፤ ሁሉም ግን ጠዋት ናቸው፣ በሁሉም ላይ መብራቱ አብሮ ይጠፋል። አንዱ ቦታ የሚጠብቅ ብልሽት ነው፤ ሌላው ሰዓት የሚጠብቅ። እኔ ሁለቱን በአንድ ስም ስጠራቸው ስለ ነበር አንድ መድኃኒት እፈልግላቸው ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የጣርማበርን አቀበት ስለሚወጡ መኪናዎች ሲያወራ፣ መካኒኩ ቦኔቱን ከመክፈቱ በፊት ሹፌሩን «አቀበቱ ላይ ነው የሚያጠፋብህ ወይስ ጠዋት አልነሣ ይልሃል?» ብሎ ይጠይቀው እንደ ነበር ይነግረን ነበር። አቀበት ላይ የሚያጠፋና በውርጭ ጠዋት አልነሣ የሚል ሁለት የተለያየ ሕመም ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ አድጌ፣ በራሴ ሱቅ ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ከዚያም ያላስተዋልኩትን አየሁ። «ጠፋ» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ኅዳር 5 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ውስጥ ማሽኑ አንድም ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም። ከጥቅምት 19 እስከ ኅዳር 3 ያለው ሁሉ ድልድይ፣ ድልድይ፣ ድልድይ ብቻ ነው። እኔ ባትሪ የለወጥኩት ኅዳር 3 ማታ ነው።

ሁለተኛውን ሕመም ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። አንድ ሕመም የነበረበትን ማሽን ተቀብዬ፣ የነበረበትን ሳልነካ፣ ያልነበረበትን ጨምሬ መለስኩለት፤ ከዚያም ጥፋቱን በልጁ ጣቶች ላይ ጣልኩ። ያን ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት። ነገሩ አልገባውም ወይም የገባው መስሎ መታየት አልፈለገም፤ «የቤት ሥራዬን ልጨርስ?» አለኝ፣ ደብተሩን መለስኩለት።

መሳቢያ ውስጥ የቆየው ባትሪ

በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ ለመንካት ወሰንኩ። ካርዱን እንዳለ ትቼ፣ ከባትሪው ጀመርኩ።

አሮጌውን ባትሪ አልጣልኩትም ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ስክሪኖች ጋር ተኝቷል። አንሥቼ ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩት። መጠናቸው እኩል ነው። አሮጌው ላይ 1200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተጽፏል፤ ለ3000ው ሞዴል ከፋብሪካ የሚወጣው ባትሪ ይህ ነው። አዲሱ ላይ ግን 3600 ተጽፏል። በዚያው ቅርጽ፣ በዚያው ውፍረት፣ ሦስት እጥፍ። ስገዛው ይህን ቁጥር አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ግን ቁና በሚያህል ዕቃ ሦስት ቁና ገብስ ገብቷል እንደሚል ሰው መሰለኝ።

ሁለቱን ሞልቼ፣ ልጁ ማሽኑን በሚያስቀምጥበት መስኮት ደፍ ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሬዚስተር አገናኝቼ በቴስተር ለካሁ። ምንም ሳይሠሩ ሲለኩ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ ሙሉ የሊቲየም ባትሪ የሚያሳየውን 4.2 ቮልት ገደማ ያሳያሉ። ሬዚስተሩ ኃይል መሳብ ሲጀምር ግን የአዲሱ ባትሪ ቁጥር ቁልቁል ተንደረደረ፤ አሮጌው ትንሽ ዝቅ ብሎ ጸና። የባትሪ እውነት ሥራ ላይ ሲሆን እንጂ ተቀምጦ አይታወቅም። የማሽኑ መመሪያ ራሱ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲሠራበት ያዛል፤ የኅዳር ጠዋት መስኮታችን ደፍ ከዚያ በታች መሆኑን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ደካማው ባትሪ ማታ ቤቱ ሞቆ ሳለ ይችላል፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሣ አይችልም።

አሮጌውን መለስኩለት፤ ማሽኑንም ማታ ማታ ከመስኮቱ አንሥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። ከዚያ አንድ ሳምንት ጠበቅን። ልጁ መጻፉን ቀጠለ፤ አሁን ግን ደብተሩን እያመጣ ያሳየኛል። በሳምንቱ ውስጥ «ጠፋ» የሚል አንድም መስመር አልተጻፈም። ድልድዩ ላይ ግን አራት ጊዜ ቆመ። በሥራ ዘመኔ ዕቃ ሳይስተካከል በመቅረቱ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሕመሞች በእርግጥ ሁለት እንደ ነበሩ አሁን በወረቀት ተጽፎ አየሁት።

የተቀበለውን የማይመልስ ካርድ

ድልድዩ ለምን? ልጁ የሚጫወተው ጌም ፋይል 1.4 ጊጋ ገደማ ነው። የማሽኑ ራም፣ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ 64 ሜጋ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ከእርሱ ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ማሽኑ የጌሙን ዓለም በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም። ፈረሰኛው በሄደ ቁጥር ከፊቱ ያለውን አገር ከካርዱ ያነብባል፣ ከኋላው የቀረውን ይረሳል። ድልድዩ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚያሻግር ነው፤ እዚያ ላይ ማሽኑ የማዶውን አገር ከካርዱ ይጠይቃል። ቢጠይቅና የሚመልስለት ቢያጣስ?

ኅዳር 3 ማታ ግን ፋይሉን አረጋግጬ ነበር፤ አንድ ነው ብሎኝ ነበር። ይህ ጥያቄ ሁለት ቀን አስቸገረኝ። መልሱ ሲገኝ ቀላል ነበር፦ ኮምፒውተር አንድን ፋይል ወደ ካርድ ከገለበጠ በኋላ ቅጂውን ለተወሰነ ጊዜ በራሱ ራም ውስጥ ያቆየዋል። ወዲያው አነጻጽር ሲሉት ካርዱን ሳይጠይቅ ያንኑ በእጁ ያለውን አንብቦ «አንድ ነው» ሊል ይችላል። እኔ ያረጋገጥኩት ካርዱን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ትዝታ ነበር።

አሁን ካርዱን ነቅዬ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አብርቼ፣ እንደገና አስገብቼ የሁለቱን ፋይሎች ኤምዲ-5 አወጣሁ። ኤምዲ-5 ከአንድ ፋይል ይዘት የሚሰላ የ32 ፊደልና ቁጥር አሻራ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሁለቱ አሻራዎች ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ አልተገናኙም። የኳሱን ጌም አነጻጸርኩ፤ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሁሉም ደህና። ስድስተኛው ተለያየ። ያ «ከማሽኑ ጋር አይስማማም» ብዬ የተውኩት ሰባተኛውም ተለያየ።

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይላል የአገሬ ሰው። ካርዱን መጠርጠር የነበረብኝ ሰባተኛው ጌም አልከፈት ያለ ዕለት ነበር።

የካርድን እውነተኛ መጠን የሚያሳውቁ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ በሊኑክስ ላይ ኤፍ ስሪ የሚባሉት ይታወቃሉ። ሥራቸው ካርዱን እስከ አፉ መሙላትና የጻፉትን አንድ በአንድ መልሶ ማንበብ ነው። ይህ ሙከራ ባዶ ካርድ ይፈልጋልና ልጁን ጠርቼ መጀመሪያ ሴቭ ያደረገውን እናውጣ አልኩት። «ሴቭዳታ» ከተባለው ፎልደር የሁለት ወር ድካሙን ወደ ኮምፒውተሩ አወጣን፤ ሁሉም ተደምሮ ጥቂት ሜጋ ብቻ ነበር። ተርፎ የቆየውም ካርዱ ላይ መጀመሪያ ጭኜ ኋላ የሰረዝኳቸው ዘፈኖች በተዉት ባዶ ቦታ፣ ከካርዱ መጀመሪያ ላይ ስለ ሰፈረ ሳይሆን አይቀርም። አወጣጡን እያየ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ሲያልቅ «አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት።

ሙከራው ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ውጤቱ፦ 64 ጊጋ ከሚለው ካርድ ውስጥ የጻፉበትን የሚመልሰው ከ7 ጊጋ ተኩል በታች ነው። የ8 ጊጋ ካርድ ነበር። በውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ ስለ ራሱ መጠን እንዲዋሽ ተደርጓል። 8 ኩንታል ብቻ የሚይዝ መጋዘን ያለው ሰው 64 ኩንታል ገብስ ተረክቤያለሁ ብሎ እንደሚፈርም ነው፤ ከስምንተኛው በኋላ የመጣውን በጓሮ በር ያፈስሰዋል፣ ደረሰኙን ግን ሳያቅማማ ይቆርጣል። ገብሱን እስካልጠየቁት ድረስ ታማኝ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጌሞች 6 ጊጋ ተኩል ያህል ይዘው በደህናው ክፍል ሰፈሩ። ስድስተኛው ድንበሩ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ፤ የድልድዩ ወዲህ ቀረ፣ የድልድዩ ማዶ ፈሰሰ። ሰባተኛው ሙሉ በሙሉ ፈሰሰ።

ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ አልቆመም። ያ ካርድ የመጣው 14 ካርዶች ካሉበት አንድ ፓኮ ነው። ዘጠኙ መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ለአራት ቀናት ሌሊት ሌሊት ስፈትሽ ዘጠኙም አንድ ሆነው ተገኙ። አራቱን ሸጫቸዋለሁ። ሁለቱን የገዙትን አስታውሼ ፈለግኋቸው። አንደኛው ካርዱን ገና አልሞላውም ነበር፤ ገንዘቡን መለስኩለት። ሁለተኛዋ የልጃቸውን ምርቃት ፎቶ ያስቀመጡበት እናት ነበሩ፤ ፎቶዎቹ በስም ይታያሉ፣ ሲከፈቱ ግን ግማሾቹ ግራጫ ናቸው። ያልተጻፈን ነገር የሚመልስ ፕሮግራም የለምና የጠፉትን ላወጣላቸው አልቻልኩም። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ አንተንም አታልለውህ ነው» አሉኝ። ይህ ቃላቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። የቀሩትን ሁለቱን ገዢዎች እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም፤ ከሱቄ በዚያ ጥቅምት ካርድ የገዛ ሰው ይህን ቢያነብ ይምጣ።

አሁን ወደ ሱቄ የሚገባ ካርድ ሁሉ ሳይፈተሽ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ጊዜ ይወስዳል፣ መብራት ሲሄድም እንደገና ከመጀመሪያ መጀመር አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን እናቴ ከምትደጋግማቸው አንዱ ስለሆነ አልሰማውም ነበር፤ እርሷ የምትለው ስለ ዱቄት ነው፣ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ፎቶ ነበር፣ ያም አይለቀምም።

ኅዳር 29

ሌላ ቦታ የተገዛና ከመግባቱ በፊት የፈተሽኩት የ32 ጊጋ ካርድ ኅዳር 28 ተዘጋጀ። ጌሞቹን ገለበጥኩ፣ ካርዱን ነቅዬ መለስኩ፣ አሻራቸውን አንድ በአንድ አነጻጸርኩ፤ ሰባቱም ተገናኙ። የልጁን ሴቭ መለስን። ሌላ ምንም ነገር አልነካሁም።

በማግስቱ ማታ፣ ራት ከበላን በኋላ፣ ከጎኔ ተቀምጦ አበራው። ፈረሰኛው ከድልድዩ ወዲህ ባለው ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ሁልጊዜ ሴቭ የሚያደርገው እዚያ ነበር። አሁንም ሴቭ አደረገ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ነዳው። ማሽኑ ጫፍ ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት፣ ካርዱ በሚነበብበት ጊዜ የምትበራዋ፣ ብልጭ ብልጭ አለች። እኔ መብራቷን አያለሁ፣ እርሱ ፈረሱን ያያል። የድልድዩ መካከል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚሰማው ያ ተደጋጋሚ የተቆረጠ ድምፅ ይመጣል ብዬ ትከሻዬ ተሸማቀቀ። አልመጣም። ጭጋግ ታየ፣ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ መንደር ወጣ።

ልጁ ምንም አልተናገረም። ፈረሱን አዙሮ ወደ ድልድዩ መለሰው። ተሻግሮ ወዲህ ወጣ፤ እንደገና አዞረውና ተሻገረ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ማሽኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ፣ እርሳሱን ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ሰዓቱን ጠየቀኝ።

«2 ሰዓት ከ35» አልኩት፤ ጻፈው።